ከዕለት ሥራ የሚነሣ ትምህርት፦ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በራስ የሚመራ የሙያ ዕድገት ዕቅድ አዘገጃጀት

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የራሳቸውን የሙያ ዕድገት እንዴት ማቀድ እንደሚችሉ ያብራራል። መነሻ ሐሳቡ፣ በራስ የሚመራ ትምህርት ፍሬ የሚያፈራው ከሥልጠና ዝርዝር ሳይሆን በዕለት ሥራ ላይ ከሚደጋገም አንድ ችግር ሲነሣ ነው የሚል ነው። ይህንም ለማሳየት በመጀመሪያ የጽንሰ ሐሳቡ አመጣጥ፣ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የተካሄደ አንድ የታወቀ መርሐ ግብር፣ ከዚያም በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ ጽሑፎችን በሚመለከት የካታሎግ ሥራ ላይ የተመሠረተ የዕቅድ ምሳሌ ይቀርባሉ። በመጨረሻም፣ ዕቅዱ የግል ቢሆንም ጊዜውን የማመቻቸት ኃላፊነት የተቋሙ የሚሆንበት ምክንያት ይመረመራል።

1. መግቢያ

በቤተ መጻሕፍት ሙያ የተሰማራ ሰው በትምህርት ቤት የቀሰመው ዕውቀት እስከ ጡረታ አያደርሰውም። ሥራውን በካርድ ካታሎግ የጀመረ ባለሙያ በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ የኮምፒዩተር ካታሎግን፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶችንና የዲጂታል ማከማቻዎችን ተራ በተራ ለመልመድ ተገድዷል። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በኒውዚላንድ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ነው። ዲስፔስ የተባለው የዲጂታል ማከማቻ ሶፍትዌር የወጣው በ2002፣ አር.ዲ.ኤ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የካታሎግ ደንብ የታተመው ደግሞ በ2010 ነው። ከእነዚህ ዓመታት በፊት የተመረቀ ባለሙያ ሦስቱንም የተማረው፣ ተምሮ ከሆነ፣ በሥራ ላይ ሆኖ ነው።

በኢትዮጵያ ለሙያው መደበኛ የትምህርት መንገድ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማእከል ድጋፍ የአፍሪካ የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ቤት በድኅረ ምረቃ ደረጃ ተከፍቶ ለሙያው ምሁራዊ መሠረት ጥሏል። ይሁንና መደበኛ ትምህርት በአንድ የሕይወት ምዕራፍ ተጀምሮ የሚያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍተት የሚሞሉት አጫጭር ሥልጠናዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ፕሮጀክት ወይም ከአንድ ሶፍትዌር ተከላ ጋር መጥተው አብረው ያልፋሉ። አሠልጣኙ የሚጠቀምባቸው ምሳሌዎችም በአመዛኙ የእንግሊዝኛ ናቸው። ሠልጣኙ ወደ ቢሮው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው መጽሐፍ ግን በፊደል የተጻፈ፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ፣ ደራሲው የቤተሰብ ስም የሌለው ነው። ይህን ልዩነት የሚሞላ ሥልጠና ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አዋጭ አይደለም። ባለሙያው ራሱ የሚያቅደው ትምህርት አስፈላጊነቱ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው።

2. የጽንሰ ሐሳቡ አመጣጥ

በራስ የሚመራ ትምህርት በጎልማሶች ትምህርት ጥናት ውስጥ ጎልቶ የወጣው በ1970ዎቹ ነው። ካናዳዊው አለን ታፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ ጎልማሶች በራሳቸው ተነሣሽነት ምን ያህል እንደሚማሩ መርምረዋል። ለምርምራቸው መለኪያ ያደረጉትን «የትምህርት ፕሮጀክት» ሲበይኑ፣ አንድ ሰው የተወሰነ ዕውቀት ወይም ክህሎት ለመያዝ ሆን ብሎ በድምሩ ቢያንስ 7 ሰዓት ያዋለበት ጥረት ነው ብለዋል። በዚህ መለኪያ ሲታይ ጎልማሶች በዓመት ውስጥ በርካታ ፕሮጀክቶችን እንደሚያካሂዱ፣ ከእነዚህም የሚበዙትን ራሳቸው እንደሚያቅዱ ታወቀ።

አሜሪካዊው ማልኮም ኖውልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት መጽሐፍ ሒደቱን በቅደም ተከተል አስቀምጠውታል። ይኸውም የጎደለውን ዕውቀት መለየት፣ ግብ መቅረጽ፣ የሰውና የቁሳቁስ ምንጮችን ማፈላለግ፣ ተስማሚ የአማማር ስልት መርጦ ሥራ ላይ ማዋል፣ በመጨረሻም ውጤቱን መመዘን ነው። ተማሪው እነዚህን በጽሑፍ አስፍሮ «የትምህርት ውል» እንዲያደርጋቸውም መክረዋል።

ከኖውልስ ማብራሪያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። ተማሪው ሒደቱን የሚመራው በሌሎች ርዳታም ሆነ ያለ ርዳታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በራስ የሚመራ» ማለት «ለብቻ የሚደረግ» ማለት አይደለም። ቃሉ የሚያመለክተው ምን ልማር፣ ለምን ልማር፣ መማሬን በምን ልወቅ የሚሉት ውሳኔዎች በማን እጅ እንዳሉ ነው። የሥራ ባልደረባን መጠየቅ፣ የአማርኛ ትምህርት ክፍል መምህርን ማማከር፣ የኮምፒዩተር ባለሙያን ርዳታ መሻት ሁሉም የዚሁ ትምህርት አካል ናቸው።

3. የሻርሎት ልምድና ገደቡ

በቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ዘንድ በራስ የሚመራ ትምህርት ሲነሣ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው፣ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት የሻርሎትና የመክለንበርግ አውራጃ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2006 ያካሄደው መርሐ ግብር ነው። የተቋሙ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩት ሄለን ብላወርስ፣ ሠራተኞች በወቅቱ አዲስ የነበሩትን የኢንተርኔት መሣሪያዎች እንዲተዋወቁ 23 አጫጭር ተግባራትን ነደፉ። ለማጠናቀቂያ የተሰጠው ጊዜ 9 ሳምንት ነበር። ሠራተኛው ክፍል ገብቶ ትምህርት አይከታተልም፤ በራሱ ፍጥነት እየሞከረ የተማረውን በኢንተርኔት ማስታወሻው ላይ ያሰፍራል፤ ሲቸግረው ባልደረባውን ይጠይቃል። ሁሉንም ተግባራት ለጨረሰ አነስተኛ የኤምፒ3 ማጫወቻ በሽልማት ተሰጠ። መርሐ ግብሩ ሌሎች እንዲጠቀሙበት በነፃ ፈቃድ በመለቀቁ በበርካታ አገሮች የሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተ መጻሕፍት ለራሳቸው እንዲስማማ አድርገው ቀድተውታል።

ከዚህ ልምድ ሁለት ጠቃሚ ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ትልቅ የትምህርት ዓላማ በሥራ ቀን ውስጥ ሊገቡ ወደሚችሉ ትንንሽ ተግባራት ሲከፋፈል ሠራተኛው እንደማይፈራው ነው። ሁለተኛው፣ ተማሪው ያደረገውን በጽሑፍ ሲያሰፍር ትምህርቱ ለራሱም ለሌላውም የሚታይ እንደሚሆን ነው።

ገደቡም እንዲሁ ግልጽ ነው። ፍጥነቱ በሠራተኛው እጅ ቢሆንም ሃያ ሦስቱን ተግባራት የመረጠው ተቋሙ ነው። በዚያ ላይ በዝርዝሩ ከነበሩት መሣሪያዎች መካከል እንደ ዴሊሸስና ቴክኖራቲ ያሉት ዛሬ ያኔ ይሰጡት የነበረውን አገልግሎት አይሰጡም። የመርሐ ግብሩ ጥልቅ ዓላማ አዲስን ነገር ያለ ፍርሃት የመሞከር ልምድ ማዳበር ስለነበር መሣሪያዎቹ መጥፋታቸው ከንቱ አላደረገውም። ነገር ግን ቀጥሎ ለሚያቅድ ሰው ማስጠንቀቂያ ትቶለታል። በመሣሪያ ስም የተጻፈ ዕቅድ መሣሪያው ሲያረጅ አብሮ ያረጃል፤ በሥራ ችግር ስም የተጻፈ ዕቅድ ግን ችግሩ እስካለ ድረስ ይጠቅማል።

4. ችግርን ወደ ትምህርት ጥያቄ መለወጥ

የዕቅዱ መጀመሪያ ሊሆን የሚገባው የሥልጠና ማስታወቂያ ሳይሆን የሥራ መዝገብ ነው። ባለሙያው ለሁለት ሳምንት ያህል በሥራው ላይ ያጋጠመውን እንቅፋት በሦስት ዐምድ ይመዘግባል። በመጀመሪያው ምን እንደተከሰተ፣ በሁለተኛው ምን መፍትሔ እንደሰጠ፣ በሦስተኛው ምን ቢያውቅ ኖሮ የተሻለ ያደርግ እንደነበር ይጽፋል። በማጣቀሻ አገልግሎት ላይ ያለ ባለሙያ ሳይመልሳቸው የቀሩትን ጥያቄዎች፣ በውሰት ክፍል ያለው የተደጋገሙ ቅሬታዎችን፣ በካታሎግ ክፍል ያለው ውሳኔ ያስቸገሩትን መጻሕፍት ሊመዘግብ ይችላል።

ቀጣዩ ሥራ የተመዘገቡትን እንቅፋቶች በሦስት መክፈል ነው፤ የዕውቀት፣ የመሣሪያና የአሠራር። የኢንተርኔት መቋረጥ የመሣሪያ ችግር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ በወቅቱ አለመድረሱ የአሠራር ችግር ነው። እነዚህን ሠራተኛውን በማስተማር መፍታት አይቻልም፤ ለኃላፊው በጽሑፍ መቅረብ አለባቸው። ይህ ልየታ በሁለት መንገድ ይጠቅማል። ባለሙያው ሊፈታው በማይችለው ነገር ላይ ጊዜውን እንዳያባክን ያደርገዋል፤ ኃላፊውም የተቋሙን ጉድለት ሁሉ «የሠራተኛ አቅም ማነስ» በሚል ስም እንዳይሸፍን ያግደዋል።

በዕውቀት ረድፍ ከቀሩት ውስጥ አንዱ ብቻ ይመረጣል። መመዘኛዎቹ ሦስት ናቸው፦ ችግሩ ምን ያህል ይደጋገማል? ተገልጋዩን ምን ያህል ይጎዳል? ባለሙያው በራሱ ሥልጣን ሊያሻሽለው ይችላል? የተመረጠው ችግር ምላሽ ሊፈተን በሚችል ጥያቄ መልክ መጻፍ አለበት። «ስለ ካታሎግ ያለኝን ዕውቀት ማሳደግ» የሚለው ምኞት እንጂ ግብ አይደለም፤ መቼ እንደተፈጸመ አይታወቅምና።

5. የዕቅድ ምሳሌ፦ በመደርደሪያ ላይ ያለውን በካታሎግ ማግኘት

ለማሳያ ያህል፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በካታሎግ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ዕቅድ ሲያዘጋጅ እንመልከት። በመዝገቡ ላይ ደጋግሞ የሰፈረው እንቅፋት፣ በመደርደሪያ ላይ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ካታሎግ ሲፈለግ አለመገኘቱ ነው። ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ፈልጎ ያጣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በርእሰ ጉዳዩ ላይ የተሠራ ጥናት የለም ብሎ ይደመድማል፤ ድምዳሜውም በጥናቱ መግቢያ ላይ እንደ ማስረጃ ይጻፋል።

የችግሩ ምንጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ሲካተት ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቦታ ያዙ። ለአንባቢ ድምፃቸው አንድ ይሁን እንጂ ለኮምፒዩተር ፍጹም የተለያዩ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ ሁለቱ የ«ጸ» ዓይነቶች ከሦስቱ የ«ሀ» ዓይነቶች ጋር ሲጣመሩ ስድስት አጻጻፍ ይሰጣሉ፤ ራብዖቹ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሲጨመሩ ቁጥሩ ወደ ዐሥራ ሁለት ያድጋል። ካታሎጉ በአንዱ ከመዘገበ፣ ተገልጋዩ በሌላው ሲፈልግ ባዶ ገጽ ያገኛል።

ሁለተኛው የስም አመዘጋገብ ነው። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይመዘገብም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ቦታቸው «ሐ» ላይ ነው። በማርክ ቅርጸት 100 በተባለው የደራሲ መስክ የመጀመሪያው አመልካች 0 ከሆነ ስሙ በግል ስም መጀመሩን፣ 1 ከሆነ በቤተሰብ ስም መጀመሩን ያሳያል። በእንግሊዝኛ ምሳሌ የሠለጠነ ሰው 1ን በልማድ ሲመርጥና ስሙን ሲገለብጥ አንዱ ደራሲ በካታሎጉ ውስጥ ሁለት ሰው ይሆናል።

ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2010 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የ2017 ወይም የ2018 ነው። ዓመቱ ሳይለወጥና ሳይብራራ ከተመዘገበ ጽሑፉ ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጀ መስሎ ይታያል። ፍለጋውን በቅርብ ዓመታት የወሰነ ተመራማሪም ሳያየው ያልፋል።

ከዚህ የሚነሣው የትምህርት ጥያቄ እንዲህ ሊቀረጽ ይችላል፦ «አንድን የአማርኛ ጽሑፍ በየትኛውም የተለመደ አጻጻፍ የፈለገ ተገልጋይ እንዲያገኘው መዝገቡን እንዴት ላዘጋጅ?» ዕቅዱ በሳምንት 2 ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት፣ በድምሩ 24 ሰዓት ይወስዳል።

ሀ. ሳምንት 1 እና 2፦ መነሻ ልኬት። ባለሙያው ከመደርደሪያ 20 የአማርኛ ጽሑፎችን ይወስዳል። እያንዳንዱን በሦስት የተለያየ አጻጻፍ በካታሎጉ ይፈልጋል። ከ60ዎቹ ፍለጋዎች ስንቱ እንደተሳካ ይመዘግባል። ይህ ቁጥር በኋላ ለውጡ የሚለካበት ነው።

ለ. ከሳምንት 3 እስከ 6፦ ምንጮችን ማጥናት። የማርክ ቅርጸት መመሪያ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ የኮሃ መመሪያም እንዲሁ። አር.ዲ.ኤ. ግን በክፍያ የሚገኝ ስለሆነ ተቋሙ ደንበኛ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስለ ቃላት ሥረ መሠረትና ስለ ትክክለኛ ሆሄያቸው የቋንቋ መምህር ይጠየቃል።

ሐ. ከሳምንት 7 እስከ 9፦ ሙከራ። ባለሙያው የተማረውን በሥራ ላይ ባለው ካታሎግ ሳይሆን በሙከራ ቅጂ ላይ ይፈትናል። ለ10 ደራስያን ዋናውን የስም አጻጻፍ የሚወስን የስም መዝገብ ያዘጋጃል፤ ሌሎቹን አጻጻፎች በ400 መስክ ያስገባል። የርእስ አማራጭ አጻጻፎችን ደግሞ በ246 መስክ ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ከመመሪያ ንባብ ብቻ የማይገኝ ነገር ይገለጥለታል። አማራጭ ስሞች በስም መዝገብ ውስጥ ስለሰፈሩ ብቻ በፍለጋ አይገኙም። ኮሃ እነዚህን በፍለጋ እንዲያካትት የሚያዝ ቅንብር አለው፤ ቅንብሩ ተከፍቶ ማውጫው እንደገና ካልተገነባ ድካሙ ሁሉ ለተገልጋዩ አይታይም። ስለዚህ የኮምፒዩተር ባለሙያው ከዚህ ደረጃ በፊት መታወቅና መስማማት አለበት።

መ. ሳምንት 10 እና 11፦ ትግበራና ዳግም ልኬት። ማሻሻያው በ20ዎቹ ጽሑፎች ላይ ተግባራዊ ይሆናል፤ ያው 60 ፍለጋ ይደገማል።

ሠ. ሳምንት 12፦ ማካፈል። ባለሙያው የሁለት ገጽ የአሠራር መመሪያ ይጽፋል፤ ለክፍሉ ባልደረቦች በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስረዳል።

የዕቅዱ ጥንካሬ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። ዳግም ልኬቱ ባለሙያው ተምሯል ወይስ አልተማረም የሚለውን ከስሜት ወደ ማስረጃ ያሸጋግረዋል። ውጤቱ ያልተሻሻለ እንኳ ቢሆን የት ላይ እንደቆመ ያሳያል፤ ይህም የሚቀጥለው ዕቅድ መነሻ ይሆናል። መመሪያው ደግሞ ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር ሥራ እንዳይለቅ ያደርጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው፣ አንዱ ስለ ዘመን አቆጣጠር፣ ሌላው ስለ ስም አመዘጋገብ፣ ሦስተኛው ስለ ማጣቀሻ አገልግሎት ተምሮ ካካፈለ፣ ለአንድ ባለሙያ የማይቻለው ለክፍሉ ቀላል ይሆናል።

6. ጊዜው የማን ነው?

በራስ የሚመራ ትምህርት ላይ ከተሰነዘሩት ትችቶች ዋነኛው ከስቲቨን ብሩክፊልድ የመጣ ነው። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጻፏቸው ሥራዎች፣ የመስኩ ጥናቶች በአመዛኙ የተሻለ ትምህርትና ኑሮ ባላቸው ሰዎች ላይ ያተኮሩ መሆናቸውን አመልክተዋል። ትችቱ ለቤተ መጻሕፍትም ይሠራል። የራሱ ቢሮና ኮምፒዩተር ያለው የክፍል ኃላፊ በቀላሉ ያቅዳል። በውሰት ጠረጴዛ ላይ በፈረቃ የሚሠራው፣ ተገልጋይ ከፊቱ የማይጠፋው ሠራተኛ ግን ለመማር የሚተርፈው የምሽቱ ጊዜ ብቻ ነው። ከሥራ በኋላ የቤት ኃላፊነት የሚጠብቃት ሠራተኛ ደግሞ ያም አይተርፋትም። በዚህ ሁኔታ «ራስህን አስተምር» የሚለው ምክር፣ ተቋሙ ሊሸከመው የሚገባውን ወጪ ወደ ሠራተኛው ማሸጋገሪያ ይሆናል። ልዩነቱንም ያሰፋል፤ የሚያውቀው ይበልጥ ያውቃል፣ ያላወቀው እንዳለ ይቀራል።

ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የተከታታይ የሙያ ዕድገት መመሪያ፣ ኃላፊነቱን በግለሰቡ፣ በአሠሪው፣ በሙያ ማኅበራትና በትምህርት ተቋማት መካከል አከፋፍሎታል። ከሥራ ሰዓት 10 በመቶ ያህሉ ለሥልጠናና መደበኛ ላልሆነ ትምህርት እንዲውል፣ ከሠራተኛ በጀትም ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ለዚሁ እንዲመደብ ይመክራል። ዐሥር በመቶ ማለት በሳምንት ግማሽ ቀን ገደማ ነው። ከላይ የቀረበው ዕቅድ የሚጠይቀው 2 ሰዓት የዚህ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የተጋነነ ነው ሊባል አይችልም። የሚፈለገው በፈረቃ ሠሌዳ ላይ በስም የተጻፈ ሰዓትና በዚያ ሰዓት ጠረጴዛውን የሚሸፍን ባልደረባ ነው። ሰዓቱ ካልተጻፈ ለመጀመሪያው አስቸኳይ ሥራ ይሠዋል።

በምላሹ ተቋሙ ማስረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ማስረጃው ግን የምስክር ወረቀት ቁጥር ወይም የሥልጠና ቀናት ድምር መሆን የለበትም። እነዚህ የአፈጻጸም መመዘኛ ቅጽን ለመሙላት ያመቻሉ እንጂ ተገልጋዩ የፈለገውን ማግኘቱን አያሳዩም። የሥራ መዝገቡ፣ ሁለቱ ልኬቶችና የሁለት ገጹ መመሪያ ከዚህ የተሻለ ይናገራሉ። ኃላፊውና ሠራተኛው በዕቅዱ መጀመሪያ በእነዚህ ላይ ቢስማሙ፣ ኖውልስ የትምህርት ውል ያሉት ሰነድ በአንድ ገጽ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

7. ማጠቃለያ

በራስ የሚመራ የሙያ ዕድገት ዕቅድ አራት ነገሮችን አሟልቶ መገኘት አለበት። ከተመዘገበ የሥራ ችግር ይነሣል፤ በሚፈተን አንድ ጥያቄ ይወሰናል፤ መጀመሪያና መጨረሻው በተመሳሳይ መለኪያ ይለካል፤ ውጤቱም ለባልደረቦች በጽሑፍ ይተላለፋል። አምስተኛው ሁኔታ የባለሙያው ሳይሆን የአሠሪው ነው፤ እርሱም በሥራ ሰዓት ውስጥ የተከለለ ጊዜ ነው።

ለኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት ይህ አካሄድ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ስለ ሞክሼ ፊደላት፣ ስለ ኢትዮጵያውያን ስሞችና ስለ ዘመን አቆጣጠር ዝግጁ ሥልጠና ይዞ የሚመጣ የውጭ አሠልጣኝ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። መልሱን መሥራት የሚችሉት ችግሩን በየዕለቱ የሚያዩት ባለሙያዎች ናቸው። በዚህ ረገድ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎችም ድርሻ አላቸው። በካታሎግ ያጡትን፣ በመደርደሪያ ግን ያገኙትን ጽሑፍ ለባለሙያው ማሳወቅ የሚቀጥለው የትምህርት ዕቅድ መነሻ ሊሆን ይችላል።